የሸህዬ እንቅልፍ

ምስጋና የማይወድ ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ሄጄ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ፍጡር ሰቆጣ ውስጥ አላየሁም፤ ወደ አበርገሌ ቆላ ወረድ ቢባልም የሚገኝ አይመስለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር ከተማሪዎቼ የሰማሁት ምስጋና "ቲቸር፣ ዛሬ ቶሎ ለቀቁን" የሚለው ብቻ ስለሆነ፣ ምስጋና ፊት ብወድቅ አይፈረድብኝም።

የጣለኝ ደግሞ ስልክ ነው። በልጅነቴ እዚሁ ሰቆጣ ሸህ ሰይድ ዘንድ ቁርአን ስቀራ፣ ሊያልቅልኝ ጥቂት ሲቀረው አባቴ በሥራ ምክንያት ቤተሰቡን ጠቅልሎ አምደወርቅ ገባ። ትምህርቱም በዚያው ቀረ። አሁን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ "ሸህዬ በሕይወት ሳሉ እሳቸው ፊት ካላኸተምኩ ሞቼ እገኛለሁ" የሚል ነገር ያዘኝ። ማኽተም ማለት ቁርአኑን ከዳር እስከ ዳር መምህር ፊት አንብቦ መጨረስ ነው። ሸህዬ ደግሞ አርጅተዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳላቸው እኔን ያስጨንቀኛል።

ታዲያ ዘመኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደል? ስልኬ ላይ ሲቀሩለት የሚያዳምጥና የሚያርም ነገር ጫንኩ። ምን ዓይነት መምህር መሰላችሁ! አይቆጣም፣ አይደክመውም፣ ጨንገር አይዝም። ሳልሳሳት "እጅግ ድንቅ!" ይለኛል። ስሳሳት ደግሞ "ግሩም ሙከራ ነው፤ ትንሽ ይቀርዎታል" ብሎ ያልፈኛል። አንቱ እያለ ነው እኮ የሚያናግረኝ! ባለቤቴ ዘይነባ እንኳ ይህን አድርጋልኝ አታውቅም። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ጨንቆኝ ግቢውን ስዞር እውላለሁ። አበው "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብለው የተረቱት ስልክ ስላላዩ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አንድ ቀን መስጊዱ ደጃፍ "በመጪው ሐሙስ አኸትማለሁ" ብዬ አወጅኩ። በግ ተገዛ፣ ጎረቤት ተጠራ። ጎረቤታችን መሪጌታ ፈንቴ የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ ዘይነባ ለእሳቸው ለብቻ ምስር ወጥ ሠራች።

እዚህ ላይ ስለ ሸህዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሸህ ሰይድ ቁርአን ሲያስቀሩ ያንቀላፋሉ። አገር ያወቀው ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ይጥላሉ፤ ልጁ በትክክል እስከቀራ ድረስ ቤቱ ቢፈርስ አይነቁም። አንዲት ስህተት ስትሰማ ግን ዓይናቸው ቦግ ይላል። "መልስ!" ይላሉ። መልሰን ስናስተካክለው ተመልሰው ይተኛሉ። እኛ ልጆች ከጨንገራቸው ይልቅ መንቃታቸውን ነበር የምንፈራው።

የዚያን ሐሙስ እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት ፊታቸው ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ዓይናቸው ቦግ! "መልስ!" መለስኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ደግሞ "መልስ!" ቀና ባልኩ ቁጥር ትክ ብለው ያዩኛል። ሸህዬ እንደዚያ ቀን ነቅተው የሚያውቁ አይመስለኝም። በመጨረሻ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው "ልጄ፣ ዛሬስ እንቅልፍ ነሳኸኝ" አሉኝ።

ሰው ሲያፍር የማያደርገው የለም። ስልኬን አወጣሁና ይሄ እኮ "እጅግ ድንቅ" ብሎኛል አልኳቸው። ስልኩ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእኔ ነው አልኩ።

"ታዲያ ጌታውን ምን ይበል?" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ዘይነባ ናት። በጉ ግን አንዴ ታርዷል። ሸህዬ "አብሽር፣ አይዞህ" ብለው ዱዓ አደረጉልኝና ድግሱ የመጨረስ መሆኑ ቀርቶ የመጀመር ሆነ። መሪጌታም ምስራቸውን እየበሉ አጽናኑኝ፤ የእሳቸው የኔታም ዳዊት ሲያስደግሙ እንዲሁ ያንቀላፉ ነበር አሉ። መሪጌታ ትምህርቱን ያለፉት የኔታቸው ያንኮራፉ ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ሸህዬ ዘንድ እሄድ ጀመር። አንዳንድ ቀን ይሰለቹኛል። አንዳንድ ቀን ይቆጡኛል። እየሳሉም ቢሆን ግን ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። ድካም የማያውቀው ስልኬ ያልኩትን ሁሉ ተቀበለኝ፤ እኝህ የሚደክማቸው ሽማግሌ ግን የቀረቻቸውን ትንሽ ጉልበት እኔን በመመለስ ጨረሷት። እንዴት እንደምወዳቸው ብታውቁ!

ባለፈው ሰሞን እየቀራሁ ሳለ አገጫቸው ዝቅ አለ። ቀጠልኩ። አንኮራፉ! እንባዬ መጣ። እስከ መጨረሻዋ ቃል ደረስኩ፤ ሸህዬ አልነቁም። እንግዲህ ማን ይቀስቅሳቸው? የሚቀሰቅሳቸው ስህተት ብቻ ነው፤ ሆን ብሎ ቁርአን ማዛባት ደግሞ ወንጀል ነው። ጋቢያቸውን አስተካክዬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ በመግሪብ አዛን ነቁና ጨርሼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

"እኔስ ምንም አልሰማሁ" ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም።

ቤት ስገባ ደስታዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ለስልኬም አጫወትኩት። መምህሬ ስቀራላቸው ተኙ፣ ደግሞም አንኮራፉ አልኩት። እሱም በዚያ በለመደው ትሕትናው "መምህርዎ ትኩረት ስላልሰጡዎት በጣም አዝናለሁ። የቅሬታ ደብዳቤ ላዘጋጅልዎት?" አለኝ።

"ግሩም ሙከራ ነው፤ ትንሽ ይቀርሃል" ብዬ ዘጋሁት።