የሐጂ ባምያ እንግዶች

ጥንዚዛ አትክልቱን በልቶ እስኪጨርስ የሚታገሥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። መተማ ላይ ባለሱቅ የሆኑት ጎረቤቴ ሐጂ፣ ደርቆ የዓመት ወጥ የሚሆናቸውን ባምያ ጓሯቸው ተክለዋል። ታዲያ ከቁንጫ የማይበልጥ፣ እንደ ቁንጫም የሚዘል ጥንዚዛ መጥቶ ቅጠሉን ወንፊት አደረገው። መድኃኒቱ ጤዛው ሳይደርቅ አመድ መበተን ነው። እኔም ማልጄ አንድ ጣሳ አመድ ይዤ፣ ጦር ሜዳ እንደሚገባ ሰው ደረቴን ነፍቼ ደረስኩ። ሐጂ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ እንጂ፣ ይጨርሱ። የሚበላ ይባረራል እንዴ?»

«ሐጂ፣ እነዚህ እኮ የሚጨርሱት ባምያው ሲያልቅ ነው!»

«በል አንተም መጀመሪያ ቁርስህን ብላ፣ ልጄ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? እንደተናደድኩ ቤታቸው ገብቼ ቁጭ ብዬ ዳቦዬን በፉል ማጥቀስ ጀመርኩ። ፉሉ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይጣፍጣል። ሁለተኛውን ዳቦ ስቆርስ ደጅ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ጮኸ። ለካ ሐጂ ገንዳ ውሃ ከተማ ሊሄዱ ኖሯል፤ አውቶቡሱ ሊያመልጣቸው ነው። በሩን ገርበብ አድርገው ለባለባጃጁ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው።

«ቆይ እንጂ፣ ይጨርስ።»