የሲስተር ሰላማዊት ቧንቧ

አጥር ዓይንን ያግዳል እንጂ ጆሮን አያግድም። ቢቸና ኖራችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን እኔ ልነግራችሁ አይገባም። ሙቀጫችሁ ካልተሰማ በርበሬ አልቆባችኋል፤ በጠራራ ፀሐይ ዶሮ ከጮኸች እንግዳ መጥቶባችኋል፤ ልጃችሁ ካለቀሰ እናንተ ምን ሆንክ ከማለታችሁ በፊት ጎረቤት ምክንያቱን ያውቃል። ሰው ቤቱን ዘግቶ ይገባል፣ ወሬው ግን ውጭ ያድራል።

እኛ ቤት ደግሞ ከሁሉ የሚብስ ነገር ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከአንድ የፈረሰ ሆቴል የገላ መታጠቢያ ገንዳ ከነቧንቧው ገዝቶ አምጥቶ በጓሮ ባለው ክፍል አስተከለው። ብዙም ሳይታጠብበት ሞተ። እናቴም ክፍሉን ማከራየት እስክትጀምር ድረስ ገንዳው ውስጥ ብቅል ስትዘፈዝፍ ኖረች። የቧንቧው እጀታ ሲከፈት ቢላዋ ያየ ፍየል ይመስል ይጮኻል። ሲዘጋም ይደግመዋል።

ክፍሉን የተከራየችው ሲስተር ሰላማዊት ነበረች፤ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ። ማታ ማታ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ራት አትል፣ ዕረፍት አትል፣ በቀጥታ ወደ ገንዳው። ፍየሉም ይጮኻል። ሰፈሩም ጆሮውን ያቆማል።

መጀመሪያ የተናገሩት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ንጹሕ ሰው በሳምንት አንዴ መታጠብ ይበቃዋል፣ በየቀኑ የምትታጠብ ሴት የምታጥበው ነገር ቢኖራት ነው አሉ። እናቴ ሳቀች። ነገሩን ከሌላም ሰው፣ ከዚያም ከገበያ ሰምታ ስትመለስ ግን አልሳቀችም። አንድ ማታ በረንዳው ላይ ጠብቃ፣ የቧንቧው ጩኸት ጎረቤት እየረበሸ መሆኑን በትሕትና ነገረቻት።

«እትዬ እናኑ፣» አለች ሲስተር ቀስ ብላ፣ «ጤና ጣቢያው ውሃ የለውም። የሰው ደም በእጄ ይዤ ልተኛ?»

ሲስተርም ቅር አልተሰኘችም፤ ጩኸቱ ከሆነ ችግሩ ጩኸቱን እናጠፋለን አለች። የቧንቧ ሠራተኛው ነገ እመጣለሁ እያለ ሲያመላልሳት፣ እሑድ ዕለት የአባቴን ካቻቢቴና ፒንሳ ለምና ራሷ ተቀመጠችበት። ውሃውን ከዋናው መዝጊያ ዘጋች። የእጀታውን ክዳን በቢላዋ ጫፍ ፈንቅላ ብሎኑን ፈታች። ውስጡ ዝገትና እንደ ኖራ የነጣ ቅርፊት ሞልቶታል። በሎሚ ነክራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገችው፣ የተበላውን ጎማ አውጥታ ከብስክሌት ጎማ ቆርጣ ተካች፣ ከወፍጮ ቤት ያመጣችውን ግራሶ ቀብታ ገጠመችው። ከፈተች። ዘጋች። ምንም። ደግማ ከፈተች። ያን ቀን ብቻ ነው እንደ ልጅ ስትስቅ ያየኋት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። የእኛን ሰፈር አላዩም።

ሁለት ማታ ጸጥ ብሎ ሲያልፍ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ።

«ድምፁን አጠፋችው አይደል?»

«አበጀችው እንጂ፤ ዝጎ ነበር፣» አለች እናቴ።

«እናኑ ሙች፣ የምትደብቀው ከሌላት ድምፁን ምን አስጠፋት?»

ከዚያ በኋላ ወሬው እግር አወጣ። ልጅ የማይፈልጉ ሴቶች በጓሮ በር እየገቡ ገንዳው ውስጥ ያስወርዳሉ ተባለ። ጓሯችን በር የለውም። ይህን ግን ማንም መጥቶ አላየም፤ ምን ሊያደርግለት? ለወሬ በር አያስፈልገውም። የእትዬ ጥሩወርቅን የልጅ ልጅ ያዋለደችውም ይህችው ሲስተር ነበረች። ያን ማታ ከገንዳው የወረደው ደም የማን እንደነበር አስቡት።

እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያልተዳርን ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ወሬው ከገንዳው ተነስቶ ወደ እኛ ወደ እኅትማማቾቹ ሲጠጋ አየችና ሲስተርን ጠርታ ክፍሉን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ አለቻት። ሲስተር ለየትኛው ዘመድ ብላ አልጠየቀችም።

«እርስዎ ያምኑታል?» ብቻ አለቻት።

«እኔ አላምንም ልጄ፤» አለች እናቴ መሬት መሬት እያየች፣ «ሰው ነው የሚያምነው።»

ሲስተር ወደ ሞጣ ተዛወረች። እዚያ ያሉ እናቶች ታደሉ፤ ጎረቤቶቿ እንዴት እንደሆኑ ግን አላውቅም። ከእሷ በኋላ ጤና ጣቢያችን አዋላጅ ሳይመደብለት ረጅም ጊዜ ቆየ። ምጥ የጠናባትን ሴት ተሸክመው ሲያልፉ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ከንፈሩን ይመጥጥ ነበር፤ በከንፈር መምጠጥማ ማንም አይበልጠንም።

ክፍሉን አሁን አንድ የቢሮ ሠራተኛ ተከራይቶታል። ከገባ ጀምሮ ቧንቧውን ነክቶት አያውቅም። በአጠገቧ ሲያልፍ እናቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ትስባለች። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ወደውታል።

«ተከራይ ማለት እንዲህ ነው፣» ይላሉ። «ጨዋ ልጅ! አንድ ቀን እንኳ ሲታጠብ ተሰምቶ አያውቅም።»