የማትላጠው ሙሽራ

ቅዳሜ ሹር ከቀትር በኋላ ስንዱ ሕልም አየች። በጠራራ ፀሐይ የሚታይ ሕልም ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያሳየው።

በሕልሟ ገበያ ወጥታ ነበር። እንቁላል ልትገዛ ነው የሄደችው። ገበያው መግቢያ ላይ ስትደርስ ግን ዶሮዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሲገበያዩ፣ ሴቶቹ ደግሞ ጭድ በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ ተደርድረው ለሽያጭ ቀርበው አገኘቻቸው። ማንንም አልገረመውም። ስንዱም ለመገረም ጊዜ አላገኘችም፤ አንድ አውራ ዶሮ ብድግ አደረጋትና ከአንደኛው ቅርጫት ውስጥ ሰካት።

ወዲያው አንዲት ወፍራም ገብስማ ዶሮ መጣች። ስንዱን በሁለት ክንፏ አንሥታ ወደ ፀሐይ አዞረቻትና አንድ ዓይኗን ጨፍና ውስጧን አየች።

«ትኩስ ናት፤» አለች ፊቷን አጨማዳ። «ይህቺ ገና አሁን የተዳረች ናት።»

«ትኩስ ከሆነች ታዲያ ምን ጎደላት፣ እመቤቴ?» አለ አውራው።

«አንተ ደግሞ! ትኩስ መቼ ይላጣል? ልጣጩ ሥጋውን እየቦጨቀ ነው የሚወጣው። ለበዓል የሚሆነው ሰንበት ያለ ነው።»

ስንዱ ይህን ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ። ነገሩ ወዲህ ነው። ከተዳረች ይህ የመጀመሪያዋ ፋሲካ ነው፤ የባሏ የዘርይሁን ቤተሰብም የሚፈስከው እሷ ቤት ነው። በዚያ ቤተሰብ አዲስ ሚስት የምትመዘነው ዶሮ ወጧ ውስጥ በሚገባው እንቁላል ነው። ጨው ቢበዛባት፣ ሽንኩርቱ ባይበስልላት «ትለምዳለች» ተብላ ትታለፋለች። እንቁላሉ ግን ልስልስ ብሎ፣ አንድም ጭረት ሳይኖርበት መቅረብ አለበት። የዘርይሁን ታላቅ ወንድም ሚስት ፈትለወርቅ፣ ሙሽራ ሳለች የተቦጫጨቀ እንቁላል አቅርባ «ቦጭቄ» የሚል ስም ወጣላት። ልጆቿ አድገው ትምህርት ቤት ገብተው እንኳ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ ቦጭቄ ናት። ስንዱ ደግሞ የምትቀቅለውን እንቁላል ያገኘችው ከአማቷ ከወይዘሮ እታፈራሁ ነው። ለክብሯ ሲሉ ዛሬ ጠዋት ከዶሮዎቻቸው ሥር ለቅመው፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ነበር የላኩላት። እንዴት ብላ «ትኩስ አልፈልግም» ትበል?

ገብስማዋ ዶሮ ስንዱን ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ነቀነቀቻት።

«ምን ይላል?» አለ አውራው።

«ይንቀጠቀጣል።»

«ተበላሽታለቻ!»

«አልተበላሸችም። ፈርታ ነው።»

በዚህ መሀል ቅርጫቱ ታክሲ ሆነ። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ እንቁላሎች ናቸው፤ ጭዳቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «የፈላ ውኃ! የፈላ ውኃ! የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ያቆምና ወደ ኋላ ዞሮ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ይቅርታ ይጠይቃል። ስንዱ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሾፌር አይታ አታውቅም፤ ይህም ጭንቀቷን ጨመረባት።

አጠገቧ ጋቢ የደረቡ አንድ አሮጌ እንቁላል ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ነው የምትጣጂው፣ ወይስ ከፈላ በኋላ ነው የምትገቢው?» አሏት።

«ከቀዝቃዛው ጋር ነበር ያሰብኩት አባባ። ቀስ ብዬ ልሙቅ ብዬ።»

«ጉድሽ ፈላ! ቀስ ብሎ የሞቀ ከልጣጩ ጋር ይፋቀራል። በኋላ ማን ያላቅቃቸዋል? የፈላው ውስጥ በአንዴ የገባ ነው ደህና አድርጎ የሚለያይ።»

«ጨው ቢጨመርበትስ?»

«ጨው ለወሬ ነው።»

«ኮምጣጤስ? ጎረቤቴ ኮምጣጤ ብላኛለች።»

«ጎረቤትሽ እንቁላል ሆና ታውቃለች?» አሉና በኀዘኔታ አዩዋት። «ይልቅ ስትወጪ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ግቢ። አጥንትሽ ድረስ ብረጂ። አለዚያ ማንም አይልጥሽም። ወራጅ አለ!»

ታክሲው ቆመ። አዛውንቱ እግር ስላልነበራቸው ተንከባለው ወረዱ። ስንዱ ቀና ስትል የቆመችው ትልቅ ድንኳን ውስጥ ነው።

በድንኳኑ መሀል ጎጆ የሚያህል ድስት ተጥዷል። ሰዎቹ ድስቱ ውስጥ እስከ አንገታቸው በቁሌት ተውጠው እየተጨዋወቱ ነው፤ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት እንቁላሎች ናቸው። ከፊት ለፊት ወይዘሮ እታፈራሁ አሉ። ከአንገታቸው በላይ ራሳቸው ናቸው፤ ከአንገታቸው በታች እንቁላል ሆነዋል። ስንዱ ባሏን በዓይኗ ፈለገችው። ዘርይሁን ጥግ ላይ፣ በተሰነጠቀ ቅርፊት ውስጥ፣ ራሱን ብቻ አውጥቶ ያያታል።

«ዘርይሁን! ምነው ዝም ትላለህ? አንድ ነገር በላቸው እንጂ!»

«እኔ ምን አቅም አለኝ?» አለ በቀጭን ድምፅ። «ገና አልተፈለፈልኩም እኮ።»

ድምፅ ማጉያ ተከፈተ፤ «ስንዱ ትቅረብ! ልትላጥ ነው!» ተባለ። እንቁላሎቹ ሁሉ ከየወንበራቸው ተነሡ። አንዱ ዳኛ መሳይ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ከወፍራሙ ጫፍ ይጀመር፤ አየር ያለው እዚያ ነው፤» አለ።

«የሰው ወፍራሙ ጫፍ የቱ ነው?» ሲል ሌላው ጠየቀ።

ማንም አላወቀም። በመጨረሻ ወይዘሮ እታፈራሁ ወደ ምራታቸው መቀመጫ በአገጫቸው አመለከቱና «እንግዲህ ሌላ የት ይሆናል?» አሉ።

ስንዱን አንሥተው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጯት። ቋ! አለ። ሕመም አልተሰማትም፤ ኀፍረቱ ግን ሊገድላት ደረሰ። የሚዳብሷት እጆች በዙ። የቀሚሷ እጅጌ ሲላጥ የክንዷን ቁራሽ ይዞ ሄደ። እንቁላሎቹ «ውይ!» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ቆዩ!» ብላ ጮኸች ስንዱ። «ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳትነክሩኝ ነው እንዴ የምትልጡኝ? ውኃ አምጡ! በማርያም፣ ውኃ!»

«ውኃ የለም፤» አለ ዳኛው። «ፈረቃችን ሐሙስ ነው።»

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ጠብቁኝ!»

ማንም አልሰማትም። ወይዘሮ እታፈራሁ ተንከባለው ቀረቧት፤ ክንዷን አዩ፣ የተቦጨቀውን ቦታ በአገጫቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ከዛሬ ጀምሮ ስሟ...» አሉ።

ስንዱ በላብ ተጠምቃ ነቃች።

ክንዷን ዳበሰች፤ ሙሉ ነው። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ አልጋው ጫፍ ደርሳለች። ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ እንቁላሎቹን ውኃ ውስጥ ከታ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጥዳ «እስኪፈላ ጎኔን ላሳርፍ» ብላ ነበር የተጋደመችው። ከማድ ቤት ድምፅ ይሰማል። በባዶ እግሯ ሮጠች።

ወይዘሮ እታፈራሁ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ለፋሲካ ያሠሩትን ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ድስቱን ከምድጃው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል። ፈትለወርቅ የቅቤ ዕቃ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተነሣሽ ልጄ? ላግዝሽ ብዬ ቀደም ብዬ መጣሁ። ጾሙ አድክሟት ነው ብዬ አልቀሰቀስኩሽም።» እጃቸውን ድስቱ ውስጥ ነከሩ። ፊታቸው በራ። «እሰይ የኔ ልጅ! ቀቅለሽ ስታበቂ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረሽዋል! አየሽ ፈትለወርቅ? ስንት ዓመት ሙሉ ስነግርሽ የኖርኩት ይኸው ይህን ነበር።»

ፈትለወርቅ አቀረቀረች።

ስንዱ ከተዳረች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አማቷ አመሰገኗት፤ መጥፎ ስም ከመሰጠት ዳነች። ግን ቀዝቃዛውን ውኃ ማን ጨመረው? ወደ ምድጃው ዞር አለች። ማብሪያው እሷ እንደተወችው ነው፤ መብራቱ ግን አልበራም። የምድጃውን ሳህን ነካችው፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ፍሪጁም ድምፅ የለውም። ለካ ገና ጋደም ስትል ነው መብራት የሄደው።

«እማማ፣ ይቆዩ! እንቁላሉ...»

«ዝም በይ፣ አንቺ ዐረፍ በይ። እኔ ልላጥልሽ፤» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ፣ አንዱን አንሥተው ከድስቱ ጠርዝ ጋር በኃይል እያጋጩ።

አስኳሉ በነጩ ቀሚስ ላይ ተዘረገፈ፤ ጥበቡን ተከትሎ እስከ ጫማቸው ወረደ። ወይዘሮ እታፈራሁ በእጃቸው የቀረውን ባዶ ቅርፊት አገላብጠው አዩት።

ፈትለወርቅ ቀሚሱን አየች፤ ከዚያ ስንዱን አየች። የቅቤውን ዕቃ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያም እልልታዋን አቀለጠችው።