የእትዬ አስካለ ሞተር ግምገማ

ሰው ሁሉ ማንም ሳይጠይቀው የሚያካፍለው አንድ እውቀት አለው። አንዱ ደመና አይቶ ዝናብ ይተነብያል፤ ሌላው ሰው ሲራመድ አይቶ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይናገራል። የእኔ ደግሞ ብረት ማንበብ ነው። አትሳቁ! አሮጌ የሞተር ብሎክ፣ ማለት ዋናው የብረት አካሉ፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ገላው ላይ የሚቀርለት ቁጥር፣ ፊደልና ጠባሳ አለ። ያንን አይቼ ዕድሜውን፣ የትውልድ አገሩንና ሕመሙን እናገራለሁ። ማለቴ፣ እናገር ነበር።

ቦንጋ ፊዚክስ ሳስተምር ነው። ያን ጊዜ ግምገማ የማይገባበት ቤት አልነበረም። ቀበሌው ይገመገማል፣ ጽሕፈት ቤቱ ይገመገማል፣ እኛም መምህራን ቅዳሜያችንን ሰውተን እንገመገማለን። ታዲያ የእትዬ አስካለ የወፍጮ ሞተር ከማን በልጦ ነው ሳይገመገም የሚቀረው?

እትዬ አስካለ ባላቸው ሲሞቱ የቀረላቸው ያ ሞተር ብቻ ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሱ ነው። እሱ ከቆመ እኔም ቆምኩ ይሉ ነበር። መስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው እህሌን አሸክሜ ሄድኩ። ከማንኪራ በእግራቸው የመጡ እናቶች ሳይቀሩ ጆንያቸውን ተራ አስይዘው ደጁ ላይ ያወጋሉ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠፍቷል። ዝም ብዬ ልቀመጥ? ቁጥሩን ላንብብልዎ አልኳቸው እትዬ አስካለን። ደስ አላቸው፤ ባላቸው የሞተሩን ዕድሜ ሳይነግሯቸው ነው የሞቱት።

ናፍጣና የሽቦ ብሩሽ ይዤ የዓመታት ዱቄትና ዘይት የተጋገረበትን ብሎክ ፈተግሁት። ቁጥር ብቅ አለ፣ ፊደል ብቅ አለ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሞተሩ በዕድሜ ከእኔ እንደሚበልጥ አበሰርኩ። ወዲያው ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር አየሁ። ብሎኩ ተሰንጥቋል፣ ቢነሳ አይተርፍም ብዬ አወጅኩ።

መምህር ካለ አለቀ፤ ማን ይከራከራል? እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። ብቻ ሞተሩን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ እንግዲህ አንተም ልትሄድ ነው አሉት። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም ያላየውን አይቻለኋ!

በማግስቱ ጋሽ አድማሱ፣ ከባልየው ጋር ሆነው ሞተሩን የተከሉት ሽማግሌ መካኒክ፣ ከደካ ተጠርተው መጡ። መነጽር እንኳ አላወጡም። መስመሩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሄዱበት፤ ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው አስኬዱኝ። ጥፍሬ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ተደናቀፈ። ስንጥቅ ቢሆን ይጎደጉዳል፣ ይኼ ግን ያበጠ ነው አሉኝ በትዕግስት። ብረቱ ሲፈስ የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ስፌት ነው፤ ያንተም ሱሪ አለው።

ደጁ በሳቅ ፈረሰ። ሞተሩ ተነሳ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ወዲያው ደግሞ ከብሎኩ ጎን የማቀዝቀዣው ውሃ ፊጭ አለ! ለካ ከተወለደ ጀምሮ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረችው። ብረቱ ሲፈስ አየር የተዋት ናት። ደፍኗት የኖረው ያ የተጋገረ ዱቄትና ዘይት ነው። እኔ የፈተግሁት! የሌለውን ስንጥቅ አይቼ፣ ያለውን ቀዳዳ ከፈትኩት።

እናቶቹ እዚያው ተቀምጠው ገመገሙኝ። እኔም ቆሜ ግለ ሂሴን አቀረብኩ። ጋሽ አድማሱ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ቀዳዳዋ ውስጥ ቀጥቅጠው ደፈኗት፤ የመስቀል ዱቄትም ደረሰ። እትዬ አስካለ፣ አይ ደግነታቸው፣ ሳይቀየሙኝ እህሌን ከሁሉ አስቀድመው ፈጩልኝ። ቶሎ ይሂድልን ብለው ነው የሚሉም አሉ።

ከበዓሉ በኋላ ብሄድ፣ ብሎኩ ላይ፣ ከፋብሪካው ቁጥር ጎን፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ አዲስ ምልክት ጠበቀኝ፦ «መምህሩ እንዳይነካው»። ይኼ ደግሞ ምንድነው ብሎ የሚጠይቀኝ እንግዳ ካለ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ነው እለዋለሁ። መምህር ካለ አለቀ።