ስለ ትራክተራችን ጎታች መላላት የተመከረበት ስብሰባ

ማክሰኞ ጥር 5 ቀን 1973 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ የንጋት አትክልት አምራቾች ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር በሚገኘው የሽንኩርት መጋዘኑ ተቀምጧል። ከሰባት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሁለቱ የቀሩት ሌላ ስብሰባ ላይ በመሆናቸው ነው።

የተገኙ፦
1. ጓድ መርስዔ ኀዘን ገብረ መስቀል፣ ሰብሳቢ
2. ጓድ አንዳርጋቸው አዘዘ፣ የቅስቀሳና የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ
3. አቶ ሙሀመድአወል ሙሀመድሰዒድ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. ወ/ሮ ባንቺአየሁ ታከለ፣ የአራሚ ሴቶች ተወካይ
5. ጽጌ አስማማው፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ጓድ አለበል ሀብተ ሥላሴ፣ የትራክተር ሹፌር፤ እንዲሁም የወ/ሮ ባንቺአየሁ የሰባት ወር ሴት ልጅ (ድምፅ የሌላት ለውሳኔ ብቻ ነው)።

አጀንዳ 1፦ የትራክተሩ ጎታች ስለመላላቱ

ጓድ አለበል እንዳስረዱት፣ ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውና ሹፌሮች «ጎታች» የሚሉት ብረት ሁለት ብሎኖቹ ተበልተው ላልቷል። ከዚህ እስከ ጢስ ዓባይ እርሻ ድረስ ሲንቋቋ ይሄዳል። በተሳቢው ላይ ሃያ ስድስት አራሚዎች ይሳፈራሉ። ቁልቁለት ላይ ቢላቀቅ ተሳቢው ብቻውን እንደሚወርድ ገልጸው፣ ነገ ጧት በ12 ሰዓት ጉዞ ስላለ ሁለት ብሎንና የግማሽ ሰዓት ጊዜ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው ጉዳዩ ቀላል ስለሆነ ቶሎ እንዲታለፍ አሳሰቡ።

ጓድ አንዳርጋቸው ብሎኑን እንደማይቃወሙ፣ ቃሉን ግን እንደሚቃወሙ ገለጹ። «ጎታች» ማለት ሰፊውን ሕዝብ ወደ ኋላ የሚጎትት አድኃሪ መሆኑን ባለፈው ሳምንት በዚሁ መጋዘን ማስተማራቸውን አስታውሰው፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ትራክተር ጎታች አለው ተብሎ ሊጻፍ እንደማይገባ አስገነዘቡ። ጓድ አለበል ይህኛው ወደ ፊት የሚጎትት መሆኑን ተናገሩ። የቀጠለው ምልልስ ቃል በቃል እንዲመዘገብ ጓድ አንዳርጋቸው በማዘዛቸው እንዲህ ሰፍሯል፦

«የት ነው የተቀመጠው?»
«ከትራክተሩ ኋላ።»
«ከኋላ ሆኖ የሚጎትት ማን ነው?»
«ጓድ፣ ከፊት ባስረው እኮ ይገፋዋል እንጂ አይስበውም።»
«መልሱን አላገኘሁም።»

ጸሐፊዋ «ጎታች» የአድራጊ ስም፣ «መጎተቻ» ደግሞ የመሣሪያ ስም መሆኑን በሰዋስው አስደግፋ አብራራች። ማብራሪያው ሃያ አምስት ደቂቃ ወስዷል። ጓድ አለበል በዚሁ ጊዜ ብሎኑን አስገብተው ሊጨርሱ ይችሉ እንደነበር ጠቆሙ።

ውሳኔ 1። ከረዥም ውይይት በኋላ ብረቱ ከዛሬ ጀምሮ «ወደ ፊት አራማጅ» እንዲባል በ3 ድጋፍ፣ በ2 ተቃውሞ ተወሰነ። ጸሐፊዋ የተቃወመችው «አራማጅ»ም ያው የአድራጊ ስም በመሆኑ ነው። ወ/ሮ ባንቺአየሁ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ «ስሙን እናንተ ተሳፈሩበት፤ እኛ የምንሳፈረው ተሳቢው ላይ ነው» አሉ። «እናንተ» የሚለውን እንዲያነሡ ተጠይቀው አንሥተዋል። የቀረው ጸንቷል።

ብሎኖቹ ይውጡ ሲባል አቶ ሙሀመድአወል ችግር መኖሩን አመለከቱ። «ብሎኑማ ይኸው ከጀርባዬ ነው፣ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ግን የንብረት ካርዱ የሚለው ‹የጎታች ብሎን› ነው። ጎታች የለንም ብለን ወሰንን፤ ለሌለ ነገር ብሎን አወጣህ ብሎ ተቆጣጣሪ ቢመጣብኝ ወላሂ ምን ልበለው?» ጓድ አንዳርጋቸው ጥንቃቄያቸውን አመሰገኑ።

ውሳኔ 2። ከረዥም ውይይት በኋላ አዲሱ ስም በበላይ አካል ጸድቆ እስኪመለስ ድረስ ብሎኖቹ መደርደሪያው ላይ እንዲቆዩ ተወሰነ።

ወ/ሮ ባንቺአየሁ፣ «ይችን አዝዬ ነው የምሳፈረው። እስኪጸድቅ ምን ይዞን ይሄዳል?» ሲሉ ጠየቁ። ጓድ አንዳርጋቸው ሕዝቡን የሚረብሸው ድምፁ መሆኑን ተንትነው የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ።

ውሳኔ 3። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ መንቋቋቱ እንዳይሰማ አራሚዎቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ መዝሙር እየዘመሩ እንዲጓዙ ተወሰነ።

ጓድ አለበል ያለ ድምፅ ቢሆኑም ተናገሩ። «የቀረኝ እሱ ድምፅ ነው እኮ! ሲንቋቋ እሰማና እቆማለሁ፤ ወርጄ በድንጋይ መታ መታ አድርጌ እነሣለሁ። ትናንት አራት ጊዜ ቆምሁ። ከዘመሩማ መላቀቁን የማውቀው ዞር ብዬ ሳጣቸው ነው።» ይህን ብለው የትራክተሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ጓድ አንዳርጋቸው ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር መሆን አለመሆኑን ጠየቁ። ከዚያ ጓድ አለበል ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ «ጻፊው እህቴ። ብሎኑ ሳይጠብቅ አልነዳም አለ በይ። ሰው ጨረሰ ከምባል አሻጥረኛ ብባል ይሻለኛል» አሉ። ሰብሳቢው እንዳይጻፍ አሳሰቡ፤ ተናጋሪው ስለጠየቁ ተጽፏል። ጓድ አንዳርጋቸው ሌላ ሹፌር እንደማይጠፋ ገለጹ።

ወ/ሮ ባንቺአየሁ፣ «ሹፌርስ አይጠፋም። እንግዲያው ኮሚቴውም አብሮን ይሂድ። ጓድ አንዳርጋቸው፣ እርስዎ ከአራማጁ አጠገብ ይቀመጡና መዝሙሩን ያውጡልን፤ ድምፅዎ መልካም ነው» ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው አመራሩ ከሰፊው ሕዝብ ጎን መገኘት እንዳለበት መመሪያው ስለሚያዝ፣ ሐሳቡን የሚቃወም ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። እጅ አልወጣም።

ውሳኔ 4። ኮሚቴው ነገ በተሳቢው እንዲጓዝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጓድ አንዳርጋቸው ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቁ። ጓድ አለበል በእጃቸው አሳዩ። ጓድ አንዳርጋቸው ደግመው እንዲያሳዩ ጠየቁ፤ ደግመው አሳዩ።

ውሳኔ 5። በጓድ አንዳርጋቸው አቅራቢነት ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 እንዲሻሩ፣ ብረቱ «ጎታች» እንዲባል፣ አሻጥር የሚለው ጥያቄ እንዳልተጠየቀ እንዲቆጠርና ብሎኖቹ አሁኑኑ እንዲወጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። «ከረዥም ውይይት በኋላ» የሚለው ያልተጻፈው ውይይት ስላልነበረ ነው። አቶ ሙሀመድአወል እጃቸውን ዘረጉ፤ ጓድ አለበል ብሎኖቹንና ቁልፉን ይዘው ወጡ።

ጓድ አንዳርጋቸው ነገ ጧት ፋሲሎ ሰፈር ስብሰባ እንዳለባቸው አስታውሰው፣ ውሳኔ 4ም አብሮ እንዲሻር ጠየቁ። ወ/ሮ ባንቺአየሁ ተቃወሙ፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም ልጃቸውን እንዳዘሉ ወደ ግቢው ወጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከትራክተሩ አጠገብ ቆመው፣ ብሎኖቹ ሲጠብቁ አይተው፣ ብረቱንም በገዛ እጃቸው ነቅንቀው ተመለሱና ተቃውሟቸውን አንሥተዋል። ስለዚህ በዛሬው ዕለት ከውሳኔ 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ሆኗል።

አጀንዳ 2 (ልዩ ልዩ) አልታየም። ጎታቹ የጠበቀው በ11 ሰዓት ከ35 ሲሆን፣ ኮሚቴው የተነሣው በ11 ሰዓት ከ40 ነው።

ጽጌ አስማማው፣ ጸሐፊ