የቀሲስ ተስፋልደት እጅ

የሰው ሁሉ አባት የሆነ ሰው ቤት ውስጥ፣ ወረፋ የሚጠብቁት የገዛ ልጆቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ የዕድር ዳኛ ይሆናል፣ አንዱ የሰፈር አስታራቂ፤ ሳሎኑ እንግዳ አያጣም፣ ጓዳውም የምታኮርፍ ሚስት አያጣም። የወይዘሮ ደብሪቱ ዕጣ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። የእሷ ሰው ክቡር መልአከ ሰላም ቀሲስ ተስፋልደት ናቸው፤ የሰው ሁሉ አባት የሆኑትም ኖርዌይ፣ ኦስሎ ከተማ ላይ ነው።

ሲላኩ "ለአንድ ዓመት" ተብሎ ነበር። አንድ ዓመቱ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። እዚያ ከሉተራኖች በተከራዩት ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳሉ፣ ያጠምቃሉ፣ ሆድ የባሰውን ያጽናናሉ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለው ቤታቸው ሲደወልላቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ "አገልግሎት ላይ ነኝ።"

"እኛንስ ማን ያስታርቀን?" ትላለች ደብሪቱ፣ ስልኩን ዘግታ ለግድግዳው።

በየወሩ ለምእመናኑ በሙሉ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይልካሉ። ሚስታቸውም ከምእመናኑ ተቆጥራ ይደርሳታል። "ውድ የደብራችን ምእመናን፣ እንኳን ለቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ በዓል አደረሳችሁ።" እሷም አንድ ጊዜ እንዲህ ብላ መለሰች፤ "እንኳን አብሮ አደረሰን። የጓዳው ቧንቧ ፈንድቷል።" በማግስቱ መልስ መጣ፤ የሁለት የተጋጠሙ መዳፎች ሥዕል።

ሰዉ ግን ይወዳቸዋል። ከኦስሎ ለዕረፍት የመጣ ሁሉ ቸኮሌት ይዞ ቤታቸውን ይሳለማል። አንዷ፣ አክበረት የምትባል፣ ቸኮሌቱን እያስረከበች "አባታችን እኮ ለእኛ እንደ አባት ናቸው" አለች። ልጃቸው ዳናይት፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለው ፋርማሲ ከሥራ መግባቷ ነበር።

"ለእኛም እንደ አባት ናቸው" አለቻት።

አክበረት ምስጋና መስሏት "ታድላችሁ!" አለች። ደብሪቱ ግን ነገሩ ገባት። እሷስ ለምዳዋለች። ዲያቆን ሳሉ ነው ያገባቻቸው፤ አፋቸው ባይናገር እንኳ እጃቸውን ታነባለች። ጣቶቹ ከተጣበቁ ቡራኬ ነው፣ ከተበተኑ "ቆይ" ማለታቸው ነው፣ ጢማቸውን ከያዘች ደግሞ ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ልጅቷ ግን ይህን ሁሉ የምትማርበት ጊዜ አላገኘችም።

ከዚያ ቴዎድሮስ የሚባል ልጅ ዳናይትን ሊያገባ ሽማግሌ እንደሚልክ አስታወቀ። ዳናይት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ አባቷ መጥቶ ራሱ እንዲሰጣት። ደብሪቱ ደወለች።

"አገልግሎት እኮ ነው፣ ደብሪቱ። ጾሙ ደረሰ። በስልክ እገኛለሁ" አሉ።

"በስልክ የመረቀኝ ይበቃኛል" አለች ዳናይት። "በስልክ መሰጠት አልፈልግም። እንዲህ ከሆነስ ይቅርብኝ።"

እናትየው ለምና፣ ተቆጥታ፣ "የተቀጠረ ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም" ብላ በግድ አሳመነቻት። በልቧ ግን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው" እያለች ነበር።

ከቅበላ በፊት ባለው እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አቶ መብራህቱ ናቸው፤ ፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ፣ ምላሳቸውም እንደ ወርቃቸው የነጠረ አራዳ። የቀሲስ መልክ በቪዲዮ የሚታይበት ስልክ በትራስ ተደግፎ ወንበራቸው ላይ ተቀምጧል። ዳናይት ጓዳ ሆና በበሩ ክፍተት ታያለች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ተነሥተው ቆሙ።

"ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ልጃችንንም ልጅዎ እንዲያደርጉልን ነው የመጣነው። እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አሉ አቶ መብራህቱ።

ቀሲስ እጃቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ኔትወርኩ ቀጥ አለ። አፋቸው እንደተከፈተ፣ እጃቸው እንደተነሣ ቀሩ።

"ባርከዋል! እንቀመጥ" አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ጉልበቱ የሚያመው።

"ቆይ እንጂ" አሉት አቶ መብራህቱ። "ሓፍተይ፣ እኅቴ ደብሪቱ፣ ይቺ እጅ ምን ትላለች?"

ደብሪቱ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ጣቶቹ ተበትነዋል። "ቆዩ ነው የምትለው" አለች። መከራዋ ሁሉ እዚያች እጅ ላይ ታያት፤ ዕድሜ ልክ ቆይ።

ድምፁ ተመልሶ መጣ። "…ይሰማል? ልጄን በስልክ አልሰጥም ነው የምለው! ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተመለሱ። ያን ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"

"አገልግሎቱስ?" አለች ደብሪቱ፣ ሳታስበው።

"ሌላ ካህን ይፈለጋል" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ጓዳ ውስጥ ዳናይት ስታለቅስ ተሰማ፤ ደብሪቱም ተወቻት። እሷ ራሷ ግን አላመነችም፤ ኤርፖርት ቆማ ሻንጣቸውን ሲገፉ እስክታይ ድረስ ለድግሱ አንድ ሽንኩርት አልከተፈችም።

በቀጠሮው ቀን ክቡር መልአከ ሰላም ቀሲስ ተስፋልደት ነጭ ለብሰው፣ ልጃቸውን አጠገባቸው አቁመው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ፤ አቶ መብራህቱም ጥያቄያቸውን ደገሙ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ማስታወሻ የሚሰብኩት ሰው አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት። እጃቸውን አነሡ፤ ባየር ላይ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ሄዳ ዓይናቸውን ሸፈነች። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳናይት "አባዬ" ብላ ጎንበስ አለችላቸው።

አቶ መብራህቱ ወደ ደብሪቱ ዞር አሉ። "ይቺስ እጅ ምን ትላለች?"

"ይቺንስ እኔም ዛሬ ማየቴ ነው" አለች ደብሪቱ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ተቀመጡ። ሰጥተናችኋል።"