አቶ ግራምና የተደረበው ክር

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እጄ መርፌ እንጂ እስክርቢቶ አልለመደም። ፊደል የለየሁትም ከጎለመስኩ ወዲህ ነው። ግን እኚህን ሰው ሳልጽፍ ብቀር ሆዴ ይፈነዳል።

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ የሌላውን ሸክም ካልመዘነ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር አቶ ግራም ይባላሉ፤ ስሙን ያወጣላቸው ሰው ነው። ለእግር ተጓዦች ማኅበር ዕቃ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። የእጅ ሚዛናቸውን እንደ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ቆርጠው ጥለዋል፤ የሸሚዛቸውን ማርካ ተርትረዋል፤ ጢምም ይመዝናል ብለው ለጉዞ ይላጩታል አሉ። "ግራም ከግራም ሲጠራቀም ኩንታል ነው!" ይላሉ።

አዳራሽ ውስጥ በተደረገው የተጓዦች በዓል ላይ፣ የሰፋሁትን የጀርባ ቦርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አወጣሁ። እሳቸው እሺ ካሉ ማኅበሩ አርባ ያሰፋኛል፤ እንቢ ካሉ ወደ ዚፕ ቅየራዬ ነው።

"ኧረ ቀና በይ፣ አይበሉሽም!" አለችኝ ከጎኔ ያለችው ድንኳን ሻጭ።

አቶ ግራም መጡ፤ ቦርሳዬን እንደ ሥጋ ሚዛናቸው ላይ ሰቀሉት።

"ዘጠኝ መቶ ግራም! እህቴ፣ ይሄን የሰፋሽው ለሰው ነው ለበቅሎ?"

ሰው ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ማንገቻው እንዳይበጠስ ክሩን ደርቤው ነው፣ ጋሼ።"

"ፍቺው! ክርም ይመዝናል!"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "ሚዛኑስ ስንት ይመዝናል፣ ጋሼ?"

ሚዛኑን ከአንገታቸው አውልቀው ገለባበጡት። ለካ ሚዛን ራሱን አይመዝንም! ድንኳን ሻጯ እየተንከተከተች የራሷን ሚዛን አቀበለቻቸው። ሦስት መቶ ሃያ ግራም። አቶ ግራም ብሩሹን፣ ማርካውን፣ ጢሙን በጣታቸው ቆጠሩ።

"በሦስት ዓመት የቀነስኩት ሁሉ ሦስት መቶ አይሞላም" አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ፤ አሳዘኑኝ።

ከዚያ ሁለት ድንኳን ቦርሳዬ ውስጥ ከተው አዘሉትና አዳራሹን ሦስቴ ዞሩ።

"አይቆረቁርም" አሉ እያላባቸው። "አርባ። ክሩም እንደተደረበ።"

ሚዛኑን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ። አሥር እርምጃ ሳይሞላቸው ተመለሱ። "አንገቴን በረደኝ" ብለው አጠለቁት። እኔም፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አርባውን ከመጀመሬ በፊት፣ ካለኝ ጨርቅ ቀጭኑን መርጬ ለሚዛናቸው ማስቀመጫ ሰፋሁ። ክሩን ደረብኩት። ይመዝኑታ!